ሄርሞን ውስጥ አይበላም

በእኛ ሸለቆ ሰው የሚጠራው በቤቱ ስም ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ቤቴ ኦነን ስለሚባል እኔ የኦነኗ ኔስታ ነኝ። ኤልቬድም ዕድሜውን ሙሉ የፔንሪው ኤልቬድ ሲባል ኖሮ፣ በስተርጅናው ከኮረብታው ወርዶ የሄርሞኑ ኤልቬድ ተባለ። በመላው ዌልስ እንዲህ ያለ ማዕረግ ያገኘ በግ አርቢ አላውቅም፤ ሄርሞን ጸሎት ቤታችን ነበረችና።

ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የምትታየኝ እንደ ድሮዋ ነው። ረጃጅም መስኮቶቿ መጋረጃ የላቸውም። ገባ ሲሉ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት፣ «ትልቁ ወንበር» የምንለው ግማሽ ክብ አግዳሚ አለ፤ ከበላዩ የስብከቱ መድረክ፤ ከመድረኩ ትይዩ በሰገነቱ ግንባር ላይ፣ ሰባኪው ብቻ እንዲያየው የተሰቀለ ሰዓት። ያን ሰዓት ያሰቀሉት አያቶቻችን የሰባኪን ዐመል ያውቁ ነበር። ስብከቱ ሲረዝም የናና ከረሜላ በዝግታ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ሄርሞን ውስጥ የሚፈቀደው ምግብ ያ ብቻ ነው፤ ከዚያ በቀር ውሃ እንኳ አይቀመስም። ሻይና ዳቦ ከጀርባ ባለው አዳራሽ ነው፤ እሱም በመዝሙር ጉባኤና በቀብር ቀን።

ኤልቬድ መዝሙር አንሺ ነበር። ኦርጋኑ የፈለገውን ያህል ቢጮህ፣ ከትልቁ ወንበር ተነሥቶ እሱ ካልጀመረ ማንም አፉን አይከፍትም። አባቱም አንሺ ነበሩ። ድምፁ ግዙፍ አልነበረም፤ ግን ሲጀምር ጣራው አብሮት ከፍ የሚል ይመስል ነበር። ከፍ አድርጎ የመጀመር ክፉ ልማድም ነበረበት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ የእኛ የሴቶቹ ጉሮሮ ሊሰነጠቅ ይደርሳል። ሚስቱ ማርጌድ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ትይዘዋለች።

«ዛሬም ጣራ ላይ ሰቅለኸን ዋልክ።»

«ወደ ሰማይ አይደለም እንዴ የሚዘመረው?»

«ሰማይ ደንቆሮ ነው ያለህ ማነው?»

ልጅ አልወለዱም። እንዲህ እየተነቋቆሩ፣ አንዱ ያለ ሌላው ገበያ ሳይወርድ አረጁ።

ሄርሞንም አረጀች። ወጣቱ ወደ ከተማ ሄደ፤ አሮጌው ወደ መቃብሩ። በመጨረሻው ዘመን ትልቁ ወንበር ላይ ኤልቬድ ብቻውን ይቀመጣል፤ ከፊቱ እኛ ጥቂት አሮጊቶች ከነካፖርታችን። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ «ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። በዚያው ዓመት የፔንሪው ባለመሬት እርሻውን ወራሽ ከሌለው ከኤልቬድ ላይ መልሶ ሊወስድ ሆነ። ከሩቅ የመጡ ባልና ሚስት ሄርሞንን በሜትር ሲለኩ፣ ሴትዮዋ መድረኩን እያሳየች «ገንዳው እዚህ ይሆናል፤ ሰው እየታጠበ ሸለቆውን ያያል» ስትል ማርጌድ በር ላይ ቆማ ሰማች። ያን ዕለት ማታ እራት ላይ አብሬያቸው ነበርኩ።

«እንግዛት» አለች ማርጌድ።

«ማንን?»

«ሄርሞንን።»

ኤልቬድ ሹካውን አስቀመጠ። «አንቺ ሴት፣ እግዚአብሔር ቤት ውስጥ ካልሲዬን ላስጣ?»

«ከባዕድ ካልሲ ያንተ ይሻላል። ያንተን ቢያንስ ያውቀዋል።»

በጎቹ ተሸጡ፤ ሄርሞን ተገዛች። የጀርባው አዳራሽ ወጥ ቤት ሆነ፤ አልጋው ሰገነቱ ላይ ወጣ። ትልቁን ወንበር ማንም አልነካውም። ከሕዝቡ ወንበሮችም ማርጌድ በልጅነቷ የተቀመጠችበትን አስቀሩ። የቤቱ ማዕዘን ሁሉ ድሮ በተቀመጠበት ሰው ስም ይጠራ ነበርና ማቀዝቀዣው የጎረቤታችን የሞስቲን አባት ቦታ ላይ ቆመ። ሞስቲን አይቶት «አባቴ በሕይወቱ እንዲህ ቀዝቅዞ አያውቅም» አለ። የቀዘቀዘውስ ቤቱ ሁሉ ነበር። ያ ጣራ የተሠራው ለድምፅ እንጂ ለሙቀት አልነበረም። ምድጃው ቀኑን ሙሉ ነድዶ የሚያሞቀው መላእክትን ነው እያልን እንስቅ ነበር። ያም ሆኖ ጥቂት ደህና ዓመታት ኖሩባት።

የማርጌድ አእምሮ መሸሽ የጀመረው በትንሽ በትንሹ ነው። መጀመሪያ ማንቆርቆሪያው ባዶውን ተጣደ። ቀጥሎ የእኔ ስም ጠፋባትና የእናቴን ስም ሰጠችኝ። አንድ ጠዋት ግን ካፖርቷን ለብሳ፣ የእሑድ ባርኔጣዋን ደፍታ ከሰገነቱ ወረደች፤ እዚያች የልጅነት ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ጀመረች።

ኤልቬድ ገንፎ ይዞ ቀረበ።

«ኤልቬድ! እዚህ?» አለች ደንግጣ። «አሁን ሰው ሊገባ ነው። ምን ይሉሃል? ሽማግሌ ነህኮ!»

«እሺ ወደ አዳራሹ እንሂድ።»

«ዛሬ የመዝሙር ጉባኤ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ማን ይበላል?»

በማግስቱም እንዲሁ። እኔ ቤት ወስደን ልናበላት ሞከርን፤ ቡራኬ ሳይሰጥ ከጸሎት ቤት የሚወጣ ማነው ብላ እጇን ነጠቀችን። ኤልቬድ ቸገረውና ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ እጁን አንሥቶ ባረከ። ማርጌድ ቀና ብላ አየችው።

«ውረድ አንተ፣ ሳይስቁብህ» አለችው።

አፏ የሚቀበለው የናና ከረሜላ ብቻ ሆነ። ኤልቬድ አጠገቧ ይቀመጥና ድሮ እንደሚያደርገው እጁን ሳያሳይ ያቀብላታል፤ እሷም ፊቷን ወደ መድረኩ እንዳዞረች ተቀብላ ትመጠዋለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ሆነ። ጉንጯ ጎደጎደ። የሰፈራችን ነርስ ካሪስ መጥታ መዘነቻት፤ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው።

«አቶ ኤልቬድ፣ ሰው በከረሜላ አይኖርም።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ።»

«በባሕሩ ዳር ከተማ ጥሩ መጦሪያ አለ። እዚያ ትበላለች፤ ቦታው ጸሎት ቤት አይመስልም።»

«ዌልስኛ የሚናገር ሰው አለ?»

ካሪስ ሚዛኗን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። «አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ለቃለች።»

ማርጌድ እንግሊዝኛዋ የበግ ገበያ እንግሊዝኛ ነበር፤ እሱም አስቀድሞ ጥሏት ሄዷል። ኤልቬድ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያዞረ «እዚያ ብትጠማ ውሃ በምን ስም ትጠይቃለች?» አለ። ካሪስ የሸለቋችን ልጅ ናት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሥራዋ ግን ሥራ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ መኪና እንደሚመጣ፣ እስከዚያ ማርጌድ እህል ከቀመሰች ብቻ እንደሚቀር ነግራን ሄደች።

መላ ያመጣው ሞስቲን ነው።

«በመዝሙር ጉባኤ ቀን የምትበላ ከሆነ ጉባኤ እናድርግላታ!»

«በማን?» አልኩት።

«ከመቃብር የተረፍን አለን አይደል? ባሱን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ለእኔ ተዪው።»

«አንተ ባስ ስትዘምር ላሞች ይመልሱልሃል።»

«እነሱም ይምጡ። ቁጥር እንሞላለን።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሸለቆው ላይና ታች የቀረነው ሁላችንም ጥቁር ልብሳችንን ለብሰን መጣን። ኤልቬድ ትልቁ ወንበር ፊት ቆመና መዝሙሩን አነሣ፤ እንደ ልማዱ ከፍ አድርጎ። ማርጌድ መጽሐፍ ሳትይዝ፣ ከሴቶቹ ዝቅተኛውን ድምፅ፣ አንድ ቃል ሳትስት ዘመረች። ሞስቲን ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። በቃ፣ ዳነች ብለን አሰብን።

ከዚያ ወደ አዳራሹ ገባን። በጉባኤ ሻይ እያንዳንዱ ገበታ የራሱ ሴት አለችው፤ ሲኒውንም ማንቆርቆሪያውንም ከቤቷ ይዛ መጥታ የምትቀዳው እሷ ናት፤ የምትበላውም ሁሉ ከጠገበ በኋላ፣ የተረፈውን፣ ቆማ ነው። ማርጌድ ከልጃገረድነቷ ጀምሮ የበሩን አጠገብ ገበታ ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት። እኛ ግን ደክማለች፣ ዛሬስ ትከበር ብለን እሳቱ አጠገብ ባለ ክንድ ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ሻይ እኔ ቀዳሁላት። ዳቦ ሌላዋ አቀረበችላት። ሁሉም ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል። ጥቁር በለበሰ ሰው መካከል ተቀምጣ የሚቀዳላት ሴት በአገራችን አንዲት ብቻ መሆኗን፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያሰበ አልነበረም።

ማርጌድ ሲኒውን አየች። ልብሳችንን አየች።

«ኔስታ» አለችኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ በስሜ። «ማነው የሞተው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም።»

«አትዋሺኝ። እኔን አስቀምጣችሁ እናንተ ትቀዳላችሁ። ኤልቬድ ነው አይደል?»

ኤልቬድ እፊቷ ተንበረከከ። «ማርጌድ፣ ይኸው እኔ። እጄን ያዥው።»

እጁን ያዘችው። በደግነት አየችውና መታ መታ አደረገችው። «ስለ መጡ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። «እርሱም ሰው ይወድ ነበር።»

ከዚያ አለቀሰች። እንደ ሕፃንም እንደ በሽተኛም አልነበረም፤ ባሏ እንደሞተባት ሴት ነው ያለቀሰችው። ዳቦውን የነካ ሰው አልነበረም። ጥቂት ቆይታ ቀና አለችና «መጋረጃው!» አለች። «ሰው ሞቶ መጋረጃ ሳይዘጋ?» ለሞተበት ቤት መስኮት መሸፈን ደንባችን ነው፤ የሄርሞን መስኮቶች ግን መጋረጃ አያውቁም። አላርፍ ስትለን ሞስቲን መሰላል ላይ ወጥቶ አንሶላውንም የጠረጴዛ ልብሱንም እያቀበልኩት ሰቀለ። ቤቷ ጨለመች። ያን ዕለት ከረሜላውንም አልቀበልም አለች። ኤልቬድ ወደ ሰገነቱ ሊወጣ ሲል «እኚህ ሰውዬ ወዴት ነው?» ብላ ጮኸችና አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ሰኞ ነው፤ መኪናው የሚመጣበት ቀን። ኤልቬድ እንጨት ሊያመጣ በጓሮ ሲወጣ ማርጌድ ከውስጥ ቆለፈችበት። የዘወትር ልብሱ ሰገነቱ ላይ ስለቀረ እንደ ትናንቱ በጥቁር ኮት፣ በጥቁር ክራቫት ነበር። በዝናብ ወደ እኔ ቤት መጣ። ባርኔጣውን በፎጣ ጠረግሁለትና አብረን ሄድን፤ በዋናው በር በኩል ዞርንና ኤልቬድ አንኳኳ።

ማርጌድ ከፈተች። ኮቱን አየች፤ ክራቫቱን አየች። ፊቷ ላይ ሐዘኑ ገና እንደ አዲስ ሲወርድ ዓይኔ እያየ ነበር። ከዚያ ወገቧን ቀና አደረገች።

«ግቡ፣ ግቡ፤ በዚህ ዝናብ ደግሞ! ለቅሶ ነው የመጡት?»

ኤልቬድ ወደ እኔ ዞረ።

«አዎ እሜቴ» አለ።

መስኮቶቹ ተሸፍነዋል። ለእሷ ያ ቤት ጸሎት ቤት መሆኑ ቀርቷል፤ ሐዘን የገባበት የራሷ ቤት ሆኗል። ወደ አዳራሹ አስገባችን፤ ውሃ ጣደች። ዳቦውን ደረቷ ላይ ደግፋ፣ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ቅቤውን ቀብታ፣ ኋላ እንደ ቅጠል ስስ አድርጋ ቆረጠች። አቀረበችልን። ከዚያ ለቅሶ የመጣን ሰው ብቻውን አያስበሉምና፣ ተቀምጣ አብራን በላች። አንድ ቁራሽ። ደግሞ ሌላ።

ኤልቬድ ዳቦውን እንደያዘ ቀረ።

«ይብሉ እንጂ» አለችው። «ኤልቬድ የመጣ ሰው ሳይበላ ሲሄድ አይወድም ነበር።»

እሱም በላ። እንዴት እንደዋጠው እግዚአብሔር ይወቅ።

ካሪስ ከመኪናው ጋር ስትደርስ የማርጌድ ከንፈር ላይ ፍርፋሪ ነበር። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ክረምቱ እስኪወጣ እየመጣሁ እመዝናታለሁ ብላ ካሪስ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የኤልቬድ ኑሮ ይኸው ሆነ። የሚያድረው አዳራሹ ውስጥ ነው። ጠዋት ማርጌድ ሳትነሣ ፊቱን ይላጫል፣ ጥቁር ኮቱን ይለብሳል፣ በጓሮ ወጥቶ በመቃብሮቹ መካከል ዞሮ በዋናው በር ያንኳኳል። እሷ የትናንቱን አታስታውስም። ኮቱን ስታይ ባሏ ዛሬ ይሞትባታል፤ ታለቅሳለች፣ ዕንባዋን ትጠርጋለች፣ ውሃ ትጥዳለች፣ ትበላለች። ማታም እንዲሁ። ሞስቲን መንገድ ላይ ሲያገኘው ይጠይቀዋል።

«ዛሬስ ባልቴቷ ስለ ሟቹ ምን አሉህ?»

«መዝሙር ከፍ አድርጎ ይጀምር ነበር አሉኝ።»

«እውነታቸውን ነው፤ ነፍሱን ይማር።»

ሁለቱም ይስቃሉ። ከዚያ ሞስቲን ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። እሱም እንደኔ መሳቁ ያቃጥለው ነበር።

አንድ ቀን አብሬው ለቅሶ ገብቼ ሳለ ማርጌድ ምድጃውን እየቆሰቆሰች ስታወራ «ይሄን ብርዳም ቤት እኔ መቼ ፈለግሁት» አለች። «አጥንቴ ነው የሚቀዘቅዘው። የሄርሞንን ቁልፍ ያስረከበ ቀን ፊቱን አይቼ ነው እንጂ። አፉ ተዘግቶ የሚሞት መሰለኝ። እንግዛት አልኩት።»

ኤልቬድ ሲኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እሱ ደግሞ እሺ ያለው ለእሷ ብሎ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ከተማ ውስጥ ሞቃት ክፍል አይቶ መጥቶ ነበር፤ ሳይነግራት ተወው። አሁን ለማን ይንገር? «ጥሩ ሚስት ነበሩ» አላት። «ኧረ ምላሴ ክፉ ነበር» አለችው።

ለማፍረስም ሞክረናል። አንድ ጠዋት ኤልቬድ መረረውና በዘወትር ሹራቡ ቆሞ «ማርጌድ፣ እኔ ነኝ፣ ኤልቬድ!» እያለ አንኳኳ። አልከፈተችም። ቀኑን ሙሉ ጾሟን ዋለች። ፀደይ ሲገባ ደግሞ እኔ አንሶላዎቹ ሻገቱ ብዬ ላጥባቸው አወረድኳቸው። ብርሃኑ በእነዚያ ረጃጅም መስኮቶች ሲገባ ማርጌድ ሽቅብ አየች፤ ሄዳ ባርኔጣዋን ደፋች፤ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ገንፎውን ሳቀርብላት «እዚህ?» አለችኝ። እርጥቡን አንሶላ መልሰን ሰቀልነው።

ክረምቱ አልፎ ካሪስ ለመጨረሻ ጊዜ ልትመዝናት መጣች። ማርጌድ ክብደት ጨምራለች፤ ጉንጯ ተመልሷል። ካሪስ፣ ኤልቬድና እኔ ወደ ጓሮ ወጣን። ያካፋ ነበር።

«ትቀራለች» አለች ካሪስ። ደስ ያላት ግን አትመስልም። «አቶ ኤልቬድ፣ በየቀኑ ነው የምታረዷት?»

«እኔ አላረዳትም። ኮቴን ታያለች።»

«በየቀኑ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ባሏ ይሞትባታል ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ጭካኔ አይደለም?»

ኤልቬድ መቃብሮቹን ሲያይ ቆየ። የአባቱ እዚያ ነው፤ የእሱና የማርጌድ ቦታም ከጎኑ ተለክቶ ተቀምጧል።

«ነው» አለ። «ባትበላ ደግሞ ትወስጃታለሽ። ሌላ መንገድ ካለሽ ንገሪኝ፤ አሁኑኑ ይሄን ኮት እሳት ውስጥ እጨምረዋለሁ።»

ካሪስ ክንዱን ይዛ ትንሽ ቆመችና ወደ መኪናዋ ሄደች።

«ግባና እኔ ቤት ትንሽ ሙቅ» አልኩት።

«ሰዓቱ ደርሷል ኔስታ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰችም።»

ክራቫቱን አጠበቀ። ባርኔጣውን እጅጌው ላይ ጠረገው። ጉልበቱ ስለሚያመው የመቃብሮቹን ድንጋይ እየተደገፈ በጎን ዞረ፤ እኔም ጠባቡ መንገድ ላይ ቆሜ አየሁት። አንኳኳ። ከውስጥ የማርጌድ እርምጃ ተሰማ፣ በሩ ተከፈተ። ባርኔጣውን አወለቀ።

ጥቁሩን ኮት ስታይ እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«ኤልቬድ ነው?» አለችው።

«አዎ እሜቴ።»

በሩን ይዛ ቆየች። እሱም በካፊያው ውስጥ፣ የተገለጠ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ለቅሶዋን እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገችና ወደ ጎን ፈቀቅ አለችለት።

«ግቡ» አለች። «ረጥበዋል። ውሃ እጥዳለሁ።»